ብር ያለው ሰው ሲያጣ፦ ወሎ ላይ የማያቸውና ልንርቃቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ፒያሳ ላይ ቆማችሁ «ሰው ይበልጣል ወይስ ብር?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ይታወቃል። ሁሉም «ሰው ነዋ!» ይላል። በአፍ ሲሆን ማንም አይሳሳትም። የሚከብደው በሥራ ቀን ነው። ሱቁ ተከፍቷል፣ ደንበኛ ቆሟል፣ ድንገት የቅሬ (የእድር) ጥሪ ይሰማል። አሁን ማን ነው ሱቁን የሚዘጋው?

ብር መውደድ ነውር አይደለም። እኔም እወዳለሁ። ነገር የሚበላሸው ሰው ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ብር እንዲሠራልን ስንልከው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ሁሉ የሚመጡት ከዚያ ነው፤ አንዱ ብቻ የተገላቢጦሽ ነው።

ቅጣት ከፍሎ ከለቅሶ መቅረት

ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። በሰፈር ወይም በመንደር ይደራጃል። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ የአባላት መዝገብ አለው። በብዙ የወሎ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው የሚቀባበረው። ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍረው፣ እንጨት የሚፈልጠው፣ ድንኳን የሚተክለው ቅሬው ነው። ሴቶቹ ውሃ ይቀዳሉ፣ እንጀራውንና ንፍሮውን ይዘው ይመጣሉ። የቀረ ይቀጣል።

ቅጣቱ ብዙ ጊዜ ትንሽ ብር ነው። ደህና የሚያገኝ ሰው ታዲያ ማስላት ይጀምራል። ግማሽ ቀን ብዘጋ የማጣው ይህን ያህል፣ ቅጣቱ ይህን ያህል። መክፈል ያዋጣል። ሒሳቡ ልክ ነው። ግን ቅሬው ቅጣት የጣለው መቅረትን ለመሸጥ አይደለም፤ የቀረው ሰው እንዲያፍር ነው።

ይህ ነገር እኛ ጋ ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ። እስራኤል፣ ሃይፋ ከተማ ውስጥ በመዋዕለ ሕፃናት የተደረገ አንድ ጥናት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ነው የታተመው። ልጆቻቸውን ለመውሰድ የሚዘገዩ ወላጆች ቅጣት ተጣለባቸው። ዘግይቶ የሚመጣው ወላጅ ይቀንሳል ተብሎ ሲጠበቅ ጨመረ። መምህሯን ማስጠበቅ ድሮ ያሳፍር ነበር፤ ቅጣት ሲመጣ «ከፈልኩ አይደል?» ሆነ። የባሰው ደግሞ ቅጣቱ ከተነሳ በኋላም ነገሩ ወደ ድሮው አለመመለሱ ነው። ሀፍረት አንዴ ከተሸጠ አይመለስም ማለት ነው።

አንድ የኮምቦልቻ ነጋዴ አውቃለሁ። በየለቅሶው ቅጣቱን በሠራተኛው እጅ ይልክ ነበር። እናቱ ሲሞቱ ቅሬው መጣ፤ አንድ ሰው አልቀረም። መቃብሩ ተቆፈረ፣ ቀብሩ ተፈጸመ፣ ድንኳኑ ተተከለ። ከቀብር መልስ እጅ ታጠበ፣ ንፍሮ ተቀመሰ፣ «አላህ ያጽናህ»፣ «እግዜር ያጥናህ» ተባለ። ከዚያ ሰዉ ተነሳ። ማታ ድንኳኑ ውስጥ የቀሩት እሱ፣ ሁለት የአጎቱ ልጆችና የተደረደሩ የፕላስቲክ ወንበሮች ነበሩ። ያዘዘው ምግብ በትሪ በትሪ እንደተሸፈነ አደረ። ቅሬው ምን ይባላል? ግዴታውን አንድም ሳያጓድል ተወጥቷል። ከግዴታው አልፎ አብሮት የሚያመሽ ሰው ነው የጠፋው። ለቅሶ ቤት ደግሞ የሚከብደው ማታው ነው።

መገኘት የማትችሉበት ጊዜ ይመጣል፤ ሥራ ነው፣ መንገድ ነው፣ ሕመም ነው። ያኔ ቅጣቱን ከፍላችሁ ዝም አትበሉ። ማታ ሂዱ። በሰልስቱ ሂዱ። በሳምንቱም ቢሆን ሂዱ። እንዲያውም በሳምንቱ የመጣ ሰው ነው የማይረሳው፤ ድንኳኑ ፈርሷል፣ ሰዉ ሁሉ ወደየጉዳዩ ሄዷል፣ ሐዘንተኛው ብቻውን ግድግዳ ያያል። አዲስ አበባ ያላችሁም በቴሌብር የላካችሁት ብር ለቡናና ለስኳር ይሆናል፤ ደግ ነው። ስልኩን ግን አብራችሁ ደውሉ።

ስደት ላይ ያለችን ልጅ የባንክ ደብተር ማድረግ

በቃሉ፣ በሐብሩ፣ በወረባቦ፣ በከሚሴ ዙሪያ ልጅ አረብ አገር የላከ ቤት ብዙ ነው። ሳዑዲ፣ ዱባይ፣ ኩዌት፣ ቤሩት። በመንገዱ ዳር የሚያብረቀርቀው ቆርቆሮ፣ የተለሰነው ግድግዳ፣ የተከፈተው ሱቅ ውስጥ የእነሱ ላብ አለ። ይህን የሚክድ የለም።

ስልኩን ግን አንዴ ጠጋ ብላችሁ ስሙ።

«ሄሎ እማ፣ እንዴት ናችሁ?»

«አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ብሩ እኮ ገና አልገባም።»

«ትናንት ነው የላክሁት፣ ዛሬ ይደርሳል። አባቢ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። ወንድምሽ ሞተር ልግዛ እያለ ነው፤ አንቺን ይጠብቃል።»

«እሺ… በወሩ መጨረሻ።»

ተዘጋ። «ሌሊት ስንት ሰዓት ነው የምትተኚው?» ያላት የለም። «ማዳሟ እንዴት ናት?» ያላትም የለም። እናትየው ክፉ ሆና አይደለም። ችግር አለ፣ ካርድ ያልቃል፣ ጎረቤት አጠገቧ ተቀምጦ ይሰማል። ግን ዓመታት እንዲህ ካለፉ ልጅቱ በዚያ ቤት ውስጥ የምትታወሰው በየወሩ መጨረሻ ብቻ ይሆናል።

በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ፈቃድ የላቸውም ያለቻቸውን ስታባርር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ከእነሱ ውስጥ የወሎ ልጅ ብዙ ነበር። ያገኙትን ሁሉ ወደ ቤት ሲልኩ የኖሩ ልጆች ባዶ እጃቸውን መጡ። ያኔ ብዙ ቤት ተፈተነ። እልል ብሎ የተቀበለ ነበር። «ለምን መጣሽ?» የሚለውን በአፉ ባይለውም በፊቱ ያለውም ነበር። ቤቱ በወንድም ስም ተሠርቶ፣ ወንድም ሚስት አግብቶ ገብቶበት ያገኘችም አለች። የገዛ ላቧ ባቆመው ቤት እንግዳ ሆነች።

ላኪዎቹም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም፤ ይቅርታ ይደረግልኝና። የአሠሪን ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ፎቶ መላክ አለ። በሕመም ላይ ሆኖ «ደህና ነኝ፣ አብሽሩ» ማለት አለ። ቤተሰብ ያንን ፎቶ አይቶ ነው ሞተር የሚጠይቀው። እውነቱን ያልነገርነው ሰው እንዴት ያዝንልናል?

የሚረዳው ቀላል ነገር ነው። የብር ወሬና የቤተሰብ ወሬ በአንድ ስልክ አይደባለቅ። ለብሩ አጭር መልእክት ይበቃል። ስልኩ ለመጠያየቅ ይሁን፤ ማን ወለደ፣ ማን አገባ፣ በቆሎው እንዴት ያዘ። የሚሠራው ቤት ደግሞ ካርታው በማን ስም ነው? ይህን ጥያቄ ቤተሰብ ቀድሞ ቢያነሳው ኖሮ ስንት ጠብ ባልመጣ ነበር።

ለክፉ ቀን ብር ብቻ ማስቀመጥ

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ባንክ ተዘጋ። መብራት ጠፋ። ስልክ ተቋረጠ። ሚሊዮን ያለውም ምንም የሌለውም እኩል ሆኑ፤ የባንክ ደብተር ዳቦ አይገዛም። እስከ ኅዳር መጨረሻ በዚያ ቆይቶ ያሳለፈ ሰው ስለዚያ ጊዜ ሲያወራ ስለ ሒሳቡ አያወራም። ዱቄት ስላካፈለው ሰው ያወራል። በሽተኛ እናቱን በሸክም ስላሻገረለት ጎረቤት ያወራል። መድኃኒት ፍለጋ ከቤት ቤት ስለዞረለት ልጅ ያወራል።

ከተማውን ለቆ የወጣውም የዘመድ በር ነው ያንኳኳው፤ ደብረ ብርሃን፣ አዲስ አበባ። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ደግሞ በተራው ከራያ ቆቦና ከወልድያ የተፈናቀለውን ያስጠጋው ይኸው የደሴ ሰው ነበር። ምንጣፍ ዘርግቶ፣ እንጀራውን አካፍሎ። በጥቂት ወራት ውስጥ ተቀባዩ ተቀባይ ፈላጊ ሆነ።

ስለዚህ ተቀማጭ ይኑራችሁ፤ ቆጥቡ፣ እቁብም ግቡ። ግን በሌሊት ብታንኳኩ የሚከፍት በር የት የት እንዳለ ደግሞ እወቁ። እናንተስ ለማን ትከፍታላችሁ?

«ገንዘብ ምን ያደርጋል!» ማለት

የተገላቢጦሽ ነው ያልኩት ይህ ነው። «ገንዘብ የእጅ እድፍ ነው» የሚለውን ምክር ካለው ሰው አፍ ስሰማ እጠራጠራለሁ። በተለይ በወሎ።

የ1965 እና 66ቱ ረሃብ ክፉኛ ከጎዳቸው ቦታዎች ቀዳሚው ወሎ ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን ያንን ረሃብ አጥንቶ ያገኘው ነገር አንጀት ይበላል። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልተሰቀለም ነበር። ጭራሽ ከወሎ ወደ ሌላ ከተማ የሚወጣ እህል ነበር። ገበሬው ግን አዝመራው ጠፍቷል፣ ከብቱ አልቋል። እህል በገበያ እያለ የሚገዛበት አልነበረውም። እህሉም ገዢ ወዳለበት ሄደ።

ያ ሕዝብ ምን ጎደለው? ፍቅር ነው? ቅሬ ነው? መተሳሰብ ነው? ሁሉም ነበረው። ግን ጎረቤት ለጎረቤት የሚደርሰው አንዱ ሲወድቅ ሌላው ቆሞ ሲገኝ ነው። ሁሉም በአንድ ዝናብ እጦት ሲመታ የሚያካፍለው አይኖርም። በ1977ም ሆነ ከዚያ በፊት የታየው ይኸው ነው። ዝምድና ትልቅ መድን ነው፤ ሁሉም አንድ ላይ ሲወድቅ ግን መድኑም አብሮ ይወድቃል።

አባቶች ይህ የገባቸው ይመስለኛል። ደጋው ከቆላው ይጋባል። ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ደገኛው ከአፋሩ ጋር ተገበያይቶ ብቻ አይለያይም፤ ቤተኛ ይሆናል። እዚህ ዝናብ ሲቀር እዚያ ጥቂት ይኖር ይሆናል። ዝምድናችሁ ሁሉ አንድ ሰፈር፣ አንድ ሥራ፣ አንድ ዓይነት ገቢ ያላቸው ሰዎች ጋ ብቻ ከሆነ ክፉ ቀን ሲመጣ ሁላችሁም በአንድ በር ትወጣላችሁ።

ጥናቱም ገንዘብን አይንቅም። ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካኔማንና ማቲው ኪሊንግስዎርዝ ከሌላ ባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጡት ሥራ በአሜሪካውያን ላይ የተደረገ ነው። ለአብዛኛው ሰው ገቢ ሲጨምር ደስታም ይጨምራል ይላል። ከመጀመሪያውም ደስታ የራቃቸው ሰዎች ግን አንድ ደረጃ ላይ ሲደርሱ ተጨማሪው ብር ብዙም አልፈየደላቸውም። እንግዲህ ለተራበ ሰው ስለ ወዳጅነት አትስበኩት። መጀመሪያ እንጀራ።

የቡናን ሰዓት የባከነ ጊዜ ነው ብሎ መቁጠር

አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ዱዓ ይደረጋል፣ እጣን ይጨሳል፣ ወሬው ይወርዳል። ከዚያ የሚነሳው ሰው ብዙ ነገር ይዞ ነው የሚነሳው። የትኛው ቤት ይከራያል፣ የማን ልጅ ታመመ፣ የት ሥራ ወጣ፣ ማን ከማን ተኳርፏል፣ ማን ያስታርቃቸው። ይህን ሁሉ የሚነግራችሁ አንድ መተግበሪያ የለም።

ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1938 የጀመረው ጥናት 724 ወንዶችን ከወጣትነት እስከ እርጅና ተከታትሏል፤ አሁን ልጆቻቸውን ይዟል። በ50 ዓመታቸው ከሰው ጋር ባላቸው ግንኙነት የረኩት በ80 ዓመታቸው የተሻለ ጤና ነበራቸው። ኮሌስትሮል እንኳ ያንን ያህል አልተነበየም። የእኛዎቹ እማማዎች ይህን ቢሰሙ «እና ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የደከሙት?» የሚሉ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ያ ሁሉ ዝምድና የሚቆመው በማን ጉልበት ነው? ቡናውን የምትቆላው፣ የምትወቅጠው፣ ጎረቤት የምትጠራው፣ ሲኒ የምታጥበው፣ የታመመ ቤት ምግብ ይዛ የምትሄደው ሴት ናት። ወንዱ «የወሎ ሰው ሰው ይወዳል» እያለ ሦስተኛውን ሲኒ ይጠብቃል። ወዳጅነት የሚሠራበት ሰዓት ከሌለ ወዳጅነት የለም፤ ያ ሰዓት ደግሞ ሁልጊዜ ከአንድ ሰው ብቻ መቆረጥ የለበትም። ሲኒውን ማጠብ ያቅታል?

ስልክን ረከቦት አጠገብ አስቀምጦ ቲክቶክ ማየት ላይ ብዙ አልልም። ታውቁታላችሁ።

ውለታን ቶሎ ከፍሎ መገላገል

ጎረቤት በሳህን ምግብ ከላከችላችሁ ሳህኑ ባዶውን አይመለስም። ይህን ሁሉም ያውቃል። ግን በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መጠን ሞልቶም አይመለስም። ሳህኑ ጥቂት ቀን ይቆያል። ቂጣ ሲጋገር፣ እሸት ሲመጣ ይመለሳል። አሁን አሁን ከተማ ላይ የማየው ሌላ ነው። ጎረቤት ልጅ ቢጠብቅላቸው ወዲያው ብር ያወጣሉ፤ «ይሄን ያዢ፣ ዕዳ አልወድም» ይላሉ። ጨዋነት ይመስላቸዋል። ሰሚዋ ግን «ከአንቺ ጋር አልፈላለግም» ነው የምትሰማው። ትንሽ ዕዳ መኖሩ አይከፋም፤ መመላለሻ ነው።

ለሰላም ሲባል የእህትን ድርሻ መዋጥ

ውርስ ላይ ወንድማማች ተካሶ ፍርድ ቤት ዓመታት ሲመላለስ ማየት ያሳዝናል። የክርክሩ ወጪ መሬቱን ይበላዋል። ስለዚህ ሽማግሌ ይግባ፣ በወሎ ደግሞ አበጋሮች፣ ማለትም ጠበኛ የሚያስታርቁ የአገር ሽማግሌዎች፣ ባሉበት አበጋር ይግባ፤ ዱዓ ተደርጎ፣ ጫት ተይዞ፣ ነገሩ በእርጋታ ይውጣ። በፍርድ ቤት አንዱ ረትቶ ሌላው ተረትቶ ይለያያሉ። በሽምግልና ግን በማግሥቱ አብረው ቡና የሚጠጡበት ዕድል ይኖራል።

ይሁን እንጂ ሽምግልናው ራሱ የሚያጠፋው ጥፋት አለ። ሸምጋዮቹ ብዙ ጊዜ ወንዶች ናቸው። ወደ እህት ዞረው «አንቺ እኮ ባል አለሽ። ለወንድምሽ ብትተዪለት ምን ትሆኛለሽ? ዝምድና ይበልጣል» ይሏታል። እሷም ታፍራለች፣ ትተዋለች። ይህ ሰው ከሀብት በልጦ አይደለም። ሀብቱ ለወንድሙ ሄዶ፣ «ዝምድና» የሚለው ቃል ለእሷ ተርፎ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወንድና ሴት ልጅን በውርስ እኩል ነው ያደረገው። በሸሪዓ የሚዳኝም ቢሆን ለሴት ልጅ የተቆረጠ ድርሻ አላት፤ ዜሮ አይደለም። ዝምድና ይበልጣል ካላችሁ መጀመሪያ ድርሻዋን ስጧት። ከዚያ ለወንድሟ ልስጥ ካለች የራሷ ፈቃድ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ወላጅ በሕይወት እያለ ነገሩን ልጆቹ ባሉበት መናገሩ ነው። «ሞቴን ትመኛላችሁ?» ብለው የሚቆጡ አባቶች አሉ። ቁጣው ያልፋል። የሚያልፍ የማይመስለው ከእሳቸው በኋላ የሚመጣው ነው።

ለዘመድ ሲያበድሩ አለመጻፍ

«እንዴት ወንድሜን አስፈርመዋለሁ?» ይባላል። ከዚያ ሁለት ዓመት ያልፋል። አበዳሪው አምሳ ሺህ ነው ይላል፣ ተበዳሪው አርባ ይላል። ሁለቱም ሐሰተኛ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ረስተው ነው። በዒድ አይጠያየቁም፣ በገና አይጠራሩም።

መጻፍ አለመተማመን አይደለም። ቁርአን በአል-በቀራህ ምዕራፍ፣ 282ኛው አንቀጽ ላይ የጊዜ ገደብ ያለው ብድር ይጻፍ፣ ምስክርም ይቁምለት ይላል። ከቁርአን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ይህ ነው፤ ስለ ብድር አጻጻፍ። ጥቂት ከፍ ብሎ፣ 280ኛው ላይ ደግሞ ተበዳሪው ከተቸገረ እስኪያገኝ ይጠበቅ ይላል። ሁለቱ አብረው ነው የሚሄዱት።

መጀመሪያ ለራሳችሁ ወስኑ፤ እየሰጣችሁ ነው ወይስ እያበደራችሁ? እየሰጣችሁ ከሆነ «ብድር» አትበሉት፤ ሰጥታችሁ እርሱት። እያበደራችሁ ከሆነ አንድ ወረቀት፣ የብሩ መጠን በአኃዝና በፊደል፣ የሁለታችሁ ፊርማ፣ ሁለቱም ወገን የሚያምናቸው ሁለት ምስክሮች። የመክፈያውን ቀን ስትጽፉ የተበዳሪውን ሥራ አስቡ። ገበሬ ከሆነ ከአዝመራ በኋላ አድርጉት፣ ጥር ወይም የካቲት። ነሐሴ ላይ የቀጠራችሁት እንደሆነ ዘር ሊሸጥላችሁ ነው።